ካቢን ጎማ አይደለም፦ አየር አልይዝ ያለ ትንሽ አውሮፕላን እንዴት ይፈተሻል

ባዶ ሃይላንድ ደሴ ላይ ክዳኑን አጥብቃችሁ ዝጉ። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት ውረዱና ስትደርሱ እዩት። ሰው እንደረገጠው ጎኑ ገብቶ ታገኙታላችሁ። ማንም አልነካውም። የታች አየር ነው የጨመቀው።

እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ትንሽ ጎሚስታ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት 22 ዓመት የአውሮፕላን መካኒክ ነበርኩ። የሠራሁት በብዛት ከሀገር ውጭ ነው፤ ትንንሽ የፒስተን አውሮፕላኖች በሚጠገኑበት ሀንጋር። ወገቤ ሲያምፅብኝ ወደ ሀገሬ ገባሁ። አሁን የአይሱዙ ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። አየር ያው አየር ነው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ የእህቴ ልጅ ነው። የአውሮፕላን ጥገና ተምሮ ውጭ ሥራ ከጀመረ ዓመት አልሞላውም። ሰሞኑን ደወለ።

«ጋሼ፣ አንድ አውሮፕላን ካቢኑ አየር አልይዝ አለ። የበሩን ጎሚኒ እንቀይር እያሉ ነው።»

«ማነው የሚለው?»

«ሁሉም።»

ካቢን ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ነው፤ ጎሚኒ ደግሞ በሩ ዙሪያ ያለው ማሸጊያ ጎማ። ሁሉም አንድ ነገር ሲል ነው እኔ የምጠራጠረው። «አብሽር፣ ጎሚኒውን ለጊዜው ተወውና ቁጭ ብለህ ስማኝ» አልኩት። ካርዴ እስኪያልቅ አወራን። እሱን የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፈው፤ ሌላም የሚጠቀምበት ካለ።

ሐረጎ በቁጥር

ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በዚህ ልዩነት የአየሩ ግፊት በ0.9 ፒኤስአይ ያህል ይለያያል። ፒኤስአይ ማለት ጎማ ስንነፋ ጌጁ ላይ የምናነበው ያው ቁጥር ነው። አንድ እንኳ አይሞላም። ግን ጠርሙሱን የጨመደደው፣ ሚኒባስ ውስጥ ጆሯችንን የሚደፍነው እሱ ነው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ። ከዚህ በኋላ «አንድ ሐረጎ» እያልኩ እለካበታለሁ።

አውሮፕላን ላይ ከፍታ የሚለካው በጫማ ነው። ደሴ ወደ 8,200 ጫማ ትሆናለች። ትልልቆቹ የመንገደኛ አውሮፕላኖች 35,000 ጫማ ላይ ሲበሩ እንኳ ውስጣቸው ያለው አየር ከ8,000 ጫማ አየር እንዳይሳሳ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ፈረንጅ «በረራ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ» የሚልበት አየር፣ የደሴ ሰው ከሰኞ ገበያ በግ እየጎተተ ዳገት የሚወጣበት አየር ነው። «የካቢን ከፍታ» የሚባለው ይኸው ነው። አውሮፕላኑ ያለበት ከፍታ ሳይሆን፣ ውስጥ ያለው አየር የሚመስለው ከፍታ።

አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ይህ ነገር የላቸውም። ከፍ ካሉ ኦክስጅን በማስክ ነው። ካላቸው ጥቂቶች መካከል ሴስና ፒ210 እ.ኤ.አ. በ1978 ወጣ። ፓይፐር ማሊቡ በ1980ዎቹ ተከተለ። ሁለቱም ባለ አንድ ሞተር ናቸው። ባለ ሁለት ሞተር ከተፈለገ ሴስና 340፣ 414 እና 421 አሉ። ዋናው ልዩነታቸው በውስጥና በውጭ አየር መካከል ስንት ፒኤስአይ ይችላሉ የሚለው ነው። ፒ210 እስከ 3.35 ይችላል። ማሊቡ እስከ 5.5። በእኛ ልኬት አንዱ አራት ሐረጎ ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል፣ ሌላው ስድስት ሐረጎ ነው።

ሁለቱም 20,000 ጫማ ላይ ቢበሩ፣ ፒ210 ውስጥ ያለው ሰው የ10,000 ጫማ አየር ይተነፍሳል። ከደሴ 500 ሜትር ከፍ ብሎ መቀመጥ ማለት ነው። ማሊቡ ውስጥ ያለው ግን የ5,000 ጫማ አየር ይተነፍሳል። ኮምቦልቻ ቦርከና ዳር ከቆመ ሰው የበለጠ አየር ያገኛል። በረዶ የሚጋገርበት ሰማይ ላይ ተቀምጦ!

ቦኖ፣ ባልዲ፣ ቀዳዳ

ጎማ ይነፋል፣ ይዘጋል፣ አለቀ። ካቢን እንዲህ አይደለም። ካቢን ቦኖ ሥር የተቀመጠ ቀዳዳ ባልዲ ነው። ከላይ ያለማቋረጥ ይገባል፣ ከታች ያለማቋረጥ ይወጣል። ውሃው ከፍ የሚለው ቀዳዳውን ጠበብ ስታደርጉት ነው።

ቦኖው ተርቦ ነው። ተርቦ ምን እንደሆነ ለኮምቦልቻ ሰው ማስረዳት ያሳፍራል። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል። የሞተሩ ጭስ ሲወጣ አንዱን ፋን ያሽከረክራል። በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላው ፋን ንጹህ አየር እየጨመቀ ለሞተሩ ይሰጣል። በነዚህ አውሮፕላኖች ከተጨመቀው አየር ላይ ጥቂቱ ተቀንሶ ወደ ካቢን ይሄዳል።

መሐል ላይ አንገቱ የጠበበ ቱቦ አለ። አየሩ እዚያ አንገት ላይ የድምፅን ፍጥነት ከነካ በኋላ ከዚያ በላይ አይፈጥንም። ስለዚህ ካቢኑ ምንም ያህል ቢጠማ የሞተሩን ድርሻ አይሻማም። የሚንቀሳቀስ አንድም ነገር የሌለው እንዲህ ያለ ብልህ ሥራ ሳይ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። የተጨመቀ አየር ስለሚግል ቀጥሎ እንደ ራዲያተር ባለ ማቀዝቀዣ ያልፋል። ከዚያ ወደ ውስጥ ብቻ በሚከፈት ቫልቭ ካቢን ይገባል። ሞተር ቢቆም ወይም ቱቦ ቢፈነዳ ያለው አየር ተመልሶ እንዳይሮጥ ነው ይህ ቫልቭ።

የባልዲው ቀዳዳ ደግሞ መውጫ ቫልቩ ነው። ብዙ ጊዜ ከኋለኛው ግድግዳ ላይ ይገኛል። ፓይለቱ ዳሽቦርዱ ላይ በሚያዞረው መቆጣጠሪያ ይታዘዛል፤ ይሰፋል፣ ይጠባል። ከእሱ ሌላ የደህንነት ቫልቭ አለ። መውጫው ተደፍኖ ቢቀር፣ ግፊቱ አውሮፕላኑን ከመጉዳቱ በፊት ይህ ይከፈታል። በብዙዎቹ ላይ አውሮፕላኑ መሬት ላይ እያለም ይህ ቫልቭ ክፍት ነው። ምክንያቱን በሩ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ስንጥቅ ሁልጊዜም አለ። ከፋብሪካ የወጣ አዲስ አውሮፕላን እንኳ ትንሽ ያፈስሳል።

እንግዲህ ባልዲው አልሞላ ሲል ሦስት ጥያቄ ነው ያለው። ቦኖው ቀጠነ? ቀዳዳው አልጠብ አለ? ወይስ ስንጥቁ በዛ? ሰው ሁሉ ከሦስተኛው ይጀምራል፣ ያውም ከበሩ። በሩ ስለሚታይ ነው። ጎሚኒው ግን ውድ ነው፤ ተቀይሮ ካልዳነ ገንዘቡን የሚመልስ የለም።

ከሁሉ በፊት ፓይለቱን ጠይቁ

ካቻቢቴ ከማንሳታችሁ በፊት ፓይለቱን ሻይ ጋብዙት። «አየር አይይዝም» ብቻውን ምንም ማለት አይደለም። መቼ ነው የማይይዘው?

«ገና ከመነሻው ግፊት የሚባል የለም» ካለ ስንጥቅ አትፈልጉ። ያን ያህል የሚያፈስ ስንጥቅ ቢኖር ድምፁ ጆሮ ያደነቁር ነበር። አንድ ትልቅ ነገር ክፍት ነው ማለት ነው። ወይ የደህንነት ቫልቩ አልተዘጋም፣ ወይ የግፊት ማጥፊያው እጀታ ተስቦ ቀርቷል። ወይም አውሮፕላኑ አሁንም መሬት ላይ ያለ ይመስለዋል። የመጨረሻው ቀልድ እንዳይመስላችሁ። የእግሩ ጎማ ጋ ክብደት ሲያርፍበትና ሲነሳለት የሚያውቅ ስዊች አለ። እሱ በጭቃ ወይም በዝገት ከተያዘ፣ 15,000 ጫማ ላይም ሆኖ «አርፈናል» እያለ ቫልቩን ከፍቶ ይይዘዋል። አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ስንጥቅ ስንፈልግ ከርመን ጥፋቱ የዚህ ስዊች ሆኖ ተገኝቷል። በጨርቅ ጠርገን ጨረስን።

«ወደ ላይ ሲወጣ ደህና ነው፣ ከፍ ሲል ነው የሚያንሰው» ካለ፣ ወይ ቦኖው ቀጥኗል ወይ ስንጥቁ በዝቷል። የሚያደክመው ይህኛው ነው።

«ስወርድ ነው ካቢኑ ከፍ የሚልብኝ» ካለ አውሮፕላኑን ሳይሆን እጁን ጠርጥሩ። አየሩ የሚመጣው ከተርቦ ነው። ተርቦው የሚዞረው በሞተር ጭስ ነው። ከላይ ሆኖ ነዳጁን ጨርሶ ከቀነሰ ጭስ የለም፣ ተርቦ የለም፣ ቦኖው ተዘጋ። ሐረጎን በፎሌ፣ ማርሽ አውጥቶ የሚወርድ ሹፌር አይታችኋል? ያው ነው። ሞተሩ በሥራ ላይ እያለ፣ ነዳጁን ቀስ በቀስ እየቀነሱ መውረድ ነው። ለሲሊንደሮቹም ደግ ነው፤ ድንገት ሲቀዘቅዙ አይወዱም።

«ጆሮዬን ጠብ ጠብ ያደርገኛል» ካለ ቫልቩ እየተጣበቀ ነው ወይም መቆጣጠሪያው ታሟል።

አንዳንዴ ምንም ብልሽት የለም፤ ቁልፉ የተሳሳተ ቁጥር ላይ ነው። በብዙዎቹ መቆጣጠሪያዎች ላይ ለማረፍ የሚሞላው የኤርፖርቱ ከፍታ ሲደመር 500 ጫማ ነው። ጎማው መሬት ሲነካ ካቢኑ ባዶውን እንዲሆን ነው። ኮምቦልቻ ኤርፖርት 6,100 ጫማ ገደማ ስለሆነ 6,600 ይሞላል። አሁን አንድ ፓይለት ከጅቡቲ መጣ እንበል። እዚያ ባህር ዳር ነው፤ ቁልፉን 500 ላይ አድርጎት ነበር። ረሳውና እኛ ጋ አረፈ። ካቢኑ የጅቡቲን አየር እንደያዘ ነው። ልዩነቱ 2.7 ፒኤስአይ ይሆናል። ጎማው አስፋልት ሲነካ ያ ስዊች ቫልቩን ይከፍተዋል። ሦስት ሐረጎ በአንድ ትንፋሽ! ተሳፋሪው ጆሮውን ይዞ ይጮሃል፣ ፓይለቱ «ካቢኑ ተበላሽቷል» ብሎ ሎግ ቡክ ላይ ይጽፋል። እናንተ ደግሞ ጎሚኒ ትቀይራላችሁ።

ቦኖውን መፈተሽ

የሞተሩን ክዳን አውጡና ከተርቦው ጀምራችሁ እስከ ካቢኑ ግድግዳ ቱቦውን በእጃችሁ ዳሱት። በዓይን ብቻ አይሆንም። እነዚህ ቱቦዎች የሚኖሩት እሳት አጠገብ ነው፤ ላያቸው ደህና ሆኖ ሥራቸው የተሰነጠቀ ስንት አይቻለሁ። ማጥበቂያቸው ላልቶ ከሆነ ዙሪያው አቧራ የተጠረገበት ንጹህ መስመር ታያላችሁ። የወጣው አየር ነው የጠረገው። አንዱን አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈውን ቫልቭ ፈትታችሁ በጣታችሁ ሞክሩት። ክንፉ ተሰብሮ ወይ ተጣብቆ ከሆነ ያኔ ይታወቃል።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ስለ ከሰል ላውራ።

በደሴ ክረምት ከሰል ማንደጃ ቤት አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ምን እንደሚያመጣ ማንም ወሎዬ አይጠፋውም። አይሸትም፣ አያስልም፣ ያስተኛል። የፒስተን ሞተር ጭስም ውስጡ ያለው ያው ጋዝ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ። በነዚህ አውሮፕላኖች እኛ የምንተነፍሰው አየር የሚጨመቀው ከጋለው የጭስ ማውጫ፣ ከማርሚታው፣ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

እግር ኳስ የምትከታተሉ ኤሚሊያኖ ሳላን ታስታውሱታላችሁ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 21፣ 2019 ከናንት ወደ ካርዲፍ ሲሄድ የተከሰከሰው አውሮፕላን ፓይፐር ማሊቡ ነበር። የእንግሊዝ መርማሪዎች የሳላን ደም ሲመረምሩ ካርቦን ሞኖክሳይዱ 58 በመቶ ሆኖ አገኙት። ፓይለቱም በጋዙ ሳይጎዳ እንዳልቀረ ደመደሙ። ጋዙ የመጣው ከሞተሩ ጭስ ሳይሆን አይቀርም። አውሮፕላኑ ውስጥ በድምፅ የሚያስጠነቅቅ የጋዝ መለያ አልነበረም።

ስለዚህ ቦኖውን ስትፈትሹ ማርሚታውን አብራችሁ ፈትሹ። ስንጥቅ ባለበት ግራጫ ወይ ጥቁር ጥላሸት ምላስ አውጥቶ ታዩታላችሁ። ያን ካያችሁ የካቢን ግፊት ጉዳይ ይቆይ፤ አውሮፕላኑ ከቦታው አይነቃነቅም። ባለቤቱንም የጋዝ መለያ ግዛ በሉት። ለአንድ ጎሚኒ ከሚያወጣው ያነሰ ነው።

ቀዳዳውን መፈተሽ

መውጫ ቫልቩ ቀጭን የጎማ ሽፋን ያለው፣ በትንሽ የአየር ልዩነት የሚንቀሳቀስ ዕቃ ነው። ጠላቱ ቆሻሻ ነው። ካቢን ውስጥ የገባ አየር ሁሉ፣ አቧራውም፣ የሰው ትንፋሹም፣ ጭሱም በእሱ በኩል ነው የሚወጣው።

አንድ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላን ትዝ ይለኛል። አለቃዬ ከኔ በፊት የበሩን ጎሚኒ ሁለት ጊዜ አስቀይሯል። ስሙን አልጠራም፤ ደግ ሰው ነበር፣ ብቻ በር ይወዳል። ሁለቱም ጊዜ ምንም ለውጥ የለም። እኔ ከኋላ ተሳብኩና ቫልቩን አወጣሁት። ከንፈሩ ላይ እንደ ማር የወፈረ ቢጫ ነገር ተጋግሯል። የሲጋራ ዝፍት ነው። የድሮው ባለቤት አሥር ዓመት እያጨሰ ሲበር ኖሮ፣ ጭሱ ሁሉ በዚያች ቀዳዳ ሲወጣ ነው የከረመው። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ መዘጋት አልቻለም። በማኑዋሉ በተፈቀደው ማጽጃና ክር በማይተው ጨርቅ ጠረግኩት። ግማሽ ቀን ፈጀ። ካቢኑ ያዘ።

ማጽጃው ላይ ተጠንቀቁ። ቤንዚን፣ ዘይት፣ ዝገት ማስለቀቂያ የሚረጭ ነገር የጎማውን ሽፋን ያሳብጠዋል። ማኑዋሉ የሚለውን ብቻ። መቆጣጠሪያው ትንሽ የአየር ማጣሪያም ይኖረዋል፤ ማንም አያስታውሰውም፣ ቀይሩት። ቀጫጭን ቱቦዎቹን ደግሞ አንድ በአንድ ተከታተሉ፤ አንዷ ከወለቀች ቫልቩ ትእዛዝ አይደርሰውም።

ስንጥቁን መፈለግ

ቦኖውና ቀዳዳው ደህና ከሆኑ አሁን ጎሚስታ ሁኑ። አውሮፕላኑ ሀንጋር ውስጥ ቆሞ፣ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ከውጭ በንፋሽ ማሽን ካቢኑን ትነፉታላችሁ። ማሽኑ ጌጅና የራሱ ማስተንፈሻ ያለው መሆን አለበት። የጎማ ኮምፕረሰር አይሆንም። እሱ መቶ ምናምን ፒኤስአይ ለመስጠት የተሠራ ነው፤ ካቢኑ ከ3.35 ወይም ከ5.5 በላይ አይችልም። እስከ ስንት እንደሚነፋና በስንት ደቂቃ ስንት ቢወርድ እንደሚፈቀድ ማኑዋሉ ይነግራችኋል። ከዚያ አትለፉ። የመሬቱ ስዊችም «በረራ ላይ ነን» ብሎ እንዲያምን ማድረግ ግድ ነው፤ አለዚያ ቫልቩ አይዘጋም። ያደረጋችሁትን ሁሉ ወረቀት ላይ ጻፉ። ወደዚህ ወረቀት እንመለሳለን።

አሁን በሩ። 60 በ100 ሴንቲሜትር የሆነ በር እንውሰድ። 5.5 ፒኤስአይ ሲሞላ በዚያ በር ላይ የሚያርፈው ግፊት ወደ 23 ኩንታል ነው። የአንድ አይሱዙ ግማሽ ጭነት በር ተደግፎ ቆሟል ማለት ነው። አውሮፕላን መሬት ላይ ሲሆን ቫልቩ የሚከፈተው ለዚህ ነው።

እኔ ይህን በቁጥር ሳይሆን በክንዴ ነው የተማርኩት። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ፈተሻ ጨርሰን ማሽኑን አጠፋሁ። ጌጁ ዜሮ የሚል መሰለኝ። ግማሽ ፒኤስአይ ቀርቶ ነበር። ግማሽ! የበሩን እጀታ አዞርኩ። ግማሽ ፒኤስአይ በዚያ በር ላይ ከ2 ኩንታል በላይ ነው። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ነበር። ክንዴን ከሁለት ቦታ ሰበረው። አሁንም ኮምቦልቻ ዝናብ ሊመጣ ሲል ቀድሞ የሚነግረኝ ያ ክንድ ነው። ስለዚህ ሲነፋ በር ፊት ማንም አይቁም። ሲያልቅ ደግሞ ጌጁን አትመኑ፤ ማስተንፈሻውን ከፍታችሁ የሚወጣ ነፋስ እስክታጡ በእጃችሁ ጠብቁ።

ካቢኑ በትንሹ ሲነፋ ሀንጋሩን ጸጥ አሰኙት። ሬዲዮ ይጥፋ፣ ወሬ ይቁም። ዙሪያውን በጆሯችሁ ዙሩ። ትልልቁ ስንጥቅ ያፏጫል። መካከለኛውን በእርጥብ እጅ ጀርባ ታገኙታላችሁ፤ ይቀዘቅዛችኋል። ትንሹን በአረፋ። ካላማዳሪ፣ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ስንፈትሽ የምንሠራው ሥራ ነው፤ አውሮፕላን ገንዳ ውስጥ አይገባም እንጂ። ኦሞ ግን አትጠቀሙ፣ አልሙኒየም ይበላል። ለዚህ የተሠራ ፈሳሽ አለ፤ ከጨረሳችሁ በኋላ በንጹህ ውሃ እጠቡት።

የት ይፈለግ? መሪውን ከክንፍና ከጭራ የሚያገናኙት ሽቦዎች ግድግዳ የሚያልፉበት ቦታ፣ የድንገተኛ መውጫው ዙሪያ፣ የምትከፈተዋ ትንሽ መስኮት፣ ወለሉ ሥር ያሉት የውሃ ማስወገጃዎች። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በቅርቡ ምን ተሠራ? ሬዲዮ የሚገጥመው ባለሙያ አዲስ ኬብል ለማሳለፍ ግድግዳ ይበሳል። ኬብሉን ያሳልፋል፣ ሬዲዮው ይሠራል፣ ሰውየው ይሄዳል። ቀዳዳውን ማን ይድፈነው?

የእህቴ ልጅም ያገኘው ይህንኑ ነው። ትናንት ፎቶ ላከልኝ። በሁለት ወር ውስጥ አዲስ ናቪጌሽን ተገጥሞለት ኖሯል። ከፊት ግድግዳው ላይ አንድ የሽቦ ጥቅል ያለምንም ማሸጊያ አልፏል፤ ዙሪያው የትንሽ ጣት ያህል ክፍት ነው። አረፋው እንደ ቡና ጀበና ሲገነፍል በቪዲዮ አሳየኝ። እኔም ለደንበኞቼ አሳየኋቸው። ጎማቸውን ረስተው ተሰብስበው አዩ።

በሩ መጨረሻ ነው። ጎሚኒውን ከመቀየራችሁ በፊት የብር ኖት ሞክሩ። አሥር ብር በሩ ላይ አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡ። ካጠበቀው ደህና ነው፣ ሸርተት ካለ እዚያ ጋ አይነካም። ዙሪያውን ስንዝር በስንዝር እንዲህ ሂዱ። ብዙ ጊዜ ጎሚኒው ሳይሆን ማጠፊያው ነው የወረደው።

ከመብረር በፊት

አሁን ያቺን ወረቀት አውጡ። የነካችሁትን ስዊች፣ የነቀላችሁትን ሽቦ፣ የደፈናችሁትን ቀዳዳ ሁሉ አንድ በአንድ ወደ ቦታው መልሱ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 14፣ 2005 የሔሊዮስ በረራ 522 ቦይንግ 737 ከላርናካ ተነስቶ አቴንስ አጠገብ ተከሰከሰ። 121 ሰው አለቀ። ሌሊቱን የበር ፍሳሽ ተብሎ ልክ ይህን ፈተሻ ሠርተውለት ነበር። የግፊት መምረጫው ስዊች «በእጅ» ላይ ቀረ። ፓይለቶቹም አላዩትም። ካቢኑ ሳይሞላ ወጡ፣ ራሳቸውን ሳቱ። ያ ጄት ነው፣ የኛዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ ስዊቹ ግን አንድ ነው። እኔ በነካሁት ነገር ሁሉ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራለሁ። ሰባት አስሬ ከሆነ ሰባት ኪሴ ውስጥ ሳልቆጥር ሀንጋር አልዘጋም።

ለሙከራ በረራው መካኒክ አብሮ ቢወጣ ጥሩ ነው፤ ፓይለቱ ያበርራል፣ እናንተ ጌጅ ታያላችሁ። ግን ማስኩ ፊታችሁ ላይ ሊደርስ በሚችልበት ቦታ ይሁን። 25,000 ጫማ ላይ ግፊት ከጠፋ በአግባቡ ማሰብ የምትችሉበት ጊዜ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ነው። አያምም። ሁለት ብርሌ ጠጅ እንደጠጣ ሰው ደስ ይላል። «እኔ ደሴ ያደግኩ ነኝ፣ ከፍታ ለምጃለሁ» የሚል ሰው ገጥሞኛል። ደሴ 8,200 ጫማ ናት ወንድሜ። እዚያ ላይ ደሴነት ቀርቶ ዳሸንነትም አያድንም። መጀመሪያ ማስክ፣ ከዚያ መውረድ፣ ከዚያ ወሬ።

መውረዱም እኛ ሀገር የራሱ ጣጣ አለው። የውጭ መጽሐፍ «ወደ 10,000 ጫማ ውረድ» ይላል። ላሊበላ አጠገብ ያለው አቡነ ዮሴፍ ብቻውን ወደ 14,000 ጫማ ይጠጋል። በደመና ውስጥ መጽሐፉን አምኖ የወረደ ሰው ተራራው ይቀበለዋል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት በየመስመሩ ካርታው የሚለውን ዝቅተኛ የደህንነት ከፍታ ጽፎ ጭን ላይ ማሰር ነው። ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅ፣ ከባቲ ወዲያ መሬቱ ወደ አፋር ስለሚወርድ በዚያ በኩል ቦታ ይገኛል።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ለሙከራ አብሮ ይወጣል። የሽቦው ቀዳዳ ታሽጓል፣ ጎሚኒው አልተቀየረም፣ አለቃው ትንሽ አኩርፏል። ማስኩን ለፊቱ አስለክቶ እንደሆነ ግን አልነገረኝም። አሁን ካርድ ሞልቼ ልደውልለት ነው።